የታችኛው ቅጠል ሲገረጣ

የቃሪያ ወይም የቲማቲም ችግኝ የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ብዙዎቻችን ውኃ ለመጨመር እንሮጣለን። ምርመራ ግን ከመድኃኒት ይቀድማል።

ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ጭቃ ከሆነ ሥሩ አየር አጥቷልና ውኃውን ይተዉት። መጀመሪያ የበቀሉት ሁለት ቅጠሎች ብቻ ከገረጡ አይጨነቁ፤ ሥራቸውን ጨርሰው ነው። እርጥበቱ ደህና ሆኖ ሌሎቹም ከታች ወደ ላይ ከገረጡ የናይትሮጅን እጥረት ይጠርጥሩ። ገለባ ወይም ሰጋቱራ የበዛበት ኮምፖስት በደንብ ካልተብላላ ናይትሮጅኑን ከችግኙ ይሻማል፤ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ይጨምሩለት።

የተራበ ችግኝ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። በነርስነት ዘመኔ ልጇ ፋፍቶ እሷ የገረጣች፣ የምታጠባ እናት ብዙ አይቻለሁ። በየቤታችንም ልጆቹ ለምልመው ሲታዩ፣ ከራሷ ቀንሳ የምታጎርሳቸውን እናት ጠጋ ብለን እንያት።