በታሸገ ዕቃ ውስጥ የተሞላው፦ ማጭበርበር ወይስ ጥበቃ?



ባለፈው ክረምት የመስጂዳችን ሚናራ ላይ ካሉት ባውዛዎች አንዱ ጠፋ። ከጀመዓው በተዋጣ ገንዘብ ከተገዛ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ልጆቹ አውርደው በካቻቢቴ ፈቱት። ኃይል የሚሰጠው ትንሹ የብረት ሳጥን ሲከፈት ሽቦና ሰርኪት መታየት ሲገባው እስከ አፉ በግራጫ ነገር ተሞልቶ ተገኘ። አንዱ በጥፍሩ ፈቅፍቆ፣ «ኡስታዝ፣ ይኼ እኮ ጭቃ ነው! እንዲከብድ ብለው ጭቃ ሞልተው ሸጡልን» አለ። ሌላው ደግሞ ሻጩን በሰው ፊት ሊያዋርደው ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ከዐስር በኋላ እንነጋገርበታለን ብለን ያዝነው።

ይህ ጥርጣሬ የእነዚያ ልጆች ብቻ አይደለም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የታሸገ ዕቃ ከፍቶ ያየ ወጣት ሁሉ ይጠይቀዋል። ነጋዴን አጭበርባሪ ብሎ መጥራት ደግሞ ቀላል ቃል አይደለም፤ ሰውየው ንጹሕ ከሆነ ሐቁ አንገታችን ላይ ይቀራል። ዝም ማለትም አያዋጣም፤ በእርግጥ የሚያጭበረብር አለና።

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪሽያንነት የሚሠራ አንድ ታላቅ ወንድማችንን ጠየቅነው። ሳጥኑን አገላብጦ አየና ሳቀ። «አብሽሩ፣ ይኼ ጭቃ አይደለም፤ ሲሊኮን ነው። የሞሉት እንዲከብድ ሳይሆን አየሩን ለማስወጣት ነው» አለን። ከዚያ ሁለቱን ሽቦዎች ለካና ሳጥኑ ደህና መሆኑን፣ የተቃጠለው የመብራቱ ክፍል መሆኑን አሳየን።

በሳጥን ውስጥ የሚቀር አየር ምንም የማያደርግ ባዶ ነገር ይመስለናል። ለዕቃው ግን ብዙ ጣጣ አለው። ባውዛ ሲበራ ይሞቃል፤ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በቀጭን ስንጥቅ ይወጣል። ንጋት ላይ ሲጠፋ ይቀዘቅዝና የውጭውን አየር መልሶ ይስባል። ሳጥኑ ይተነፍሳል ማለት ነው። በሐምሌ ጉም ውስጥ የሚተነፍስ ሳጥን ምን እንደሚስብ ጦሳ ሥር ላደገ ሰው አይነገረውም። ያ እርጥበት ሰርኪቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል፣ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ አንድ ቀን ደግሞ ኮንታክት ይፈጥራል። ቦታውን ሲሊኮን ከያዘው ግን የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ሙቀቱም አለ። ጋቢ የሚያሞቀን በድሩና በማጉ መካከል የያዘው አየር ነው፤ የቆመ አየር ሙቀት አያሳልፍም። ስለዚህ ባዶ ሳጥን ውስጥ ያለ ሰርኪት ጋቢ ተከናንቦ እንደሚሠራ ሰው ነው። ተራ ኢፖክሲ ሙጫ ከቆመ አየር 8 እጥፍ ገደማ የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል። እንደ ኳርትዝና አሉሚና ያለ የደቀቀ ድንጋይ ሲቀላቀልበት ከ20 እጥፍ ይበልጣል። (ልጁ ጭቃ ነው ማለቱ እንግዲህ ከእውነት ያን ያህል አልራቀም፤ የተፈጨ ድንጋይ በእርግጥ ሊኖርበት ይችላል።)

ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞች ሲዲአይ የምትሉትን ጥቁር ሳጥን ታውቁታላችሁ። ሲሰበር ውስጡ እንደ ድንጋይ የደረቀ ሙጫ ነው። ሥራው ከ200 ቮልት በላይ ኃይል አጠራቅሞ በአንድ ቅጽበት ወደ ኮይሉ መልቀቅ ነው፤ ኮይሉ ከ10,000 ቮልት በላይ አድርጎ ለካንዴላው ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ በኮብልስቶን ላይ ቀኑን ሙሉ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሙጫው ባይዘው እያንዳንዱ የሰርኪቱ እግር እንደተነቃነቀ ጥርስ ሆኖ በጥቂት ወር ይነቀል ነበር። ነገሩ አዲስ ፈጠራም አይደለም፤ የድሮው የፍሎረሰንት ባላስት ሲግል ያንጠባጥበው የነበረው ጥቁር ነገር ለዚሁ ሥራ የተሞላ ሬንጅ ነበር።

ከሁሉ ያስገረመን ግን የከፍታው ነገር ነው። አየር ኤሌክትሪክን ይከለክላል፤ በሁለት ሽቦዎች መካከል የቆመ ግድግዳ ነው። በባሕር ወለል ላይ አንድ ሚሊሜትር አየር 3,000 ቮልት ገደማ ይችላል። አየሩ ሲሳሳ ግን ግድግዳውም አብሮ ይሳሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። እናቶቻችን ይህን በሌላ መንገድ ያውቁታል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ንፍሮው ቶሎ አይበስልላቸውም።

በዕቃው ውስጥ በሁለት የኤሌክትሪክ ጫፎች መካከል ምን ያህል የአየር ክፍተት መኖር እንዳለበት የሚወስን ዓለም አቀፍ መስፈርት አለ። መነሻው 2,000 ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ሲወጣ ክፍተቱ መስፋት አለበት፤ 3,000 ሜትር ላይ በ1.14 ይባዛል። አሁን ቻርጀራችሁን ገልብጡና ጥቃቅኑን ጽሑፍ እዩ። የቻይናን የደኅንነት ሕግ ተከትለው ከተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ትንሽ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ፤ ከዚያ ከፍታ በታች ለመጠቀም የተሠራ ነው ማለት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ ያ መስመር በሁለቱ ከተሞቻችን መካከል፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ የሆነ ቦታ ላይ ያልፋል! ኮምቦልቻ ላይ በልኩ የነበረ ቻርጀር 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ደሴ ሲገባ ከተፈተሸበት ከፍታ በላይ ወጥቷል።

አትደንግጡ፣ ደሴ ያለው ቻርጀር ሁሉ ይፈነዳል ማለታችን አይደለም። ለጥንቃቄ የተተወው ትርፍ ጠበበ ማለት ነው። ርካሹ ዕቃ ደግሞ መጀመሪያውኑ ትርፍ የለውም። ጠጣር ሙጫ ግን ከፍታ አያውቅም። ኢፖክሲ ከአየር 5 እጥፍና ከዚያ በላይ ቮልቴጅ ይችላል፤ ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ ለእሱ አንድ ነው። እንግዲህ ያንን ግራጫ ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ የሚፈልገው የደሴ ሰው ነው።

አሁን ወደ አጭበርባሪው። መብራት ሲጠፋ ስልኩን የሚሞላበት አጥቶ አንድ የጀመዓችን ልጅ 50,000 ሚሊአምፔር የተጻፈበት ፓወር ባንክ ገዛ። በሳምንታት ውስጥ ሞተ። ሲከፈት አንዲት ትንሽ ባትሪና በላስቲክ የታሰረ ደቃቅ አሸዋ ወጣበት። ይህ አየር ለማስወጣት የገባ አይደለም። ባትሪውን አይነካም፣ ሙቀት አይወስድም፣ ውሃ አይከላከልም። የገባው ለእጃችን ነው፤ ገዢ ዕቃን በእጁ መዝኖ «ከባድ ነው፣ ጥሩ ነው» እንደሚል ሻጩ ያውቃል።

እዚህ ላይ ሒሳብ ይጠቅመናል። በብዙ ፓወር ባንኮች ውስጥ የሚገባው ክብ ባትሪ 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት አለው፣ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ጥሩው ቢሆን 3,500 ሚሊአምፔር አካባቢ ይይዛል። 50,000 ለመድረስ ከ14 በላይ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ሽፋኑ ሳይቆጠር ከ600 ግራም በላይ ማለት ነው። ስለዚህ 50,000 የሚል ጽሑፍ ያለው ዕቃ 300 ግራም ከመዘነ መክፈትም አያስፈልግም፤ ውሸት ነው። መክበዱ ግን እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥም፤ አሸዋም ይከብዳልና።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ከተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙትን ታሪክ ሁላችንም በመድረሳ ተምረናል። ዝናብ እንደመታው ሻጩ ተናግሯል። የተወቀሰው እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለገዢ ባለማሳየቱ ነው። አሸዋም በራሱ ነውር የለበትም። በፋብሪካ ትልልቅ ፊውዞች ውስጥ ሆን ተብሎ የኳርትዝ አሸዋ ይሞላል፤ ሽቦው ሲቀልጥ የሚነሳውን የእሳት ብልጭታ አሸዋው ቀልጦ ይውጠዋል። በአንዳንድ የቤት ስልክ እጀታዎች ውስጥም የብረት ክብደት ይገባ ነበር፤ ስናስቀምጠው መዝጊያውን በደንብ እንዲጫነው። ለገዢው የሚሠራ ክብደት አለ፣ ለሻጩ ብቻ የሚሠራ ክብደት አለ።

ሙጫ ሁሉ ለገዢው ነው ብለን ደግሞ አንሸነግላችሁም። ተፎካካሪ ሥራቸውን እንዳይገለብጥ ወይም ጠጋኝ እንዳይነካው ብለው የሚሞሉ ኩባንያዎችም አሉ። በአሥር ብር ክፍል የሚድን ዕቃ በዚህ ምክንያት ይጣላል። ለእንደኛ ያለ ሠርቶ አዳሪ ይህ ከባድ ነው፤ ጥበቃው ልክ ቢሆንም ዋጋውን የምንከፍለው እኛ ነን።

በጥገና ሥራ ላይ ላላችሁ ወጣቶች፣ ወንድማችን አጥብቆ የነገረንን እናድርሳችሁ። የተሞላ ሳጥን ፈቅፍቃችሁ ከጠገናችሁ በኋላ ባዶውን አትዝጉት። አምራቹ ክፍተቱን አጥብቦ የሠራው ሙጫ ይኖራል ብሎ ነው፤ ያንን አውጥታችሁ በደሴ ስስ አየር ከተካችሁት ለደንበኛችሁ የምትመልሱት ሌላ ዕቃ ነው። ለመስኮትና ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውን ሲሊኮን ሁሉ ደግሞ አትጠቀሙ። ብዙው ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፣ መዳቡን ይበላዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ጥቂት ጨምቃችሁ አሽትቱ፤ አቼቶ አቼቶ ካለ ለመስኮቱ ተዉት፣ ለሰርኪት የሚሆነውን ጠይቁ።