ልጃችንና የአውሮፕላን ፍርሃት



ሕፃን ይዞ ለዑምራ መሄድ ወይም ባሕር ማዶ ያለ ዘመድን መጠየቅ ዛሬ ለብዙ ቤተሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለ ፓስፖርቱና ስለ ሻንጣው ብዙ እንመካከራለን፤ የሕፃኑን ፍርሃት ግን «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ብለን እናልፈዋለን። በ2016 ዓ.ል. ከረመዷን በፊት ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆናትን ልጃችንን ይዘን ወደ ጂዳ ለመሄድ ስናስብ እንዲያ ብሎ ማለፍ አልሆነልንም። ቤታችን ከቦሌ ብዙ አይርቅም፤ አውሮፕላን ጣሪያችንን ታክኮ ባለፈ ቁጥር ልጅቱ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ትገባ ነበር።

ዘመድ ወዳጅ ምክር አልነፈገንም። አንዱ የሚያስተኛ ሽሮፕ ስጧት አለ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሆንም አልን፤ እንዲህ ያለው መድኃኒት አንዳንዱን ሕፃን ጭራሽ ያቅበጠብጠዋልና። ሌላው «አክስቷ ቤት በመኪና እንሄዳለን በሏት» አለ። ይኼኛው ይበልጥ ከበደን። አንዲት እናት ልጇን «ና፣ እሰጥሃለሁ» ብላ ስትጠራው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጪው ነው ብለው እንደጠየቋት፣ ተምር መሆኑን ስትነግራቸውም ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍብሽ ነበር እንዳሏት አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ደግሞስ በጅብና በመርፌ እየተስፈራራ ያደገ፣ በመኪና ነው ተብሎ የመጣ ልጅ፣ ሰማይ ላይ «አይዞህ» ብንለው በምን ያምነናል?

ስለዚህ እውነቱን በትንንሽ ቃል እንነግራት ጀመር። «ይጮኻል፤ ይነቀንቃል፤ እኛ አጠገብሽ ነን።» ማታ ማታ ከመግሪብ በኋላ ወንበሮች በመደዳ ደርድረን ወገቧን በነጠላ እናስራለን፣ የመንገድ ዱዓ እናደርጋለን፣ ከዚያ ሁላችንም እንደ ሞተር እናጉረመርማለን። ከተነሳ በኋላ ጎማው ወደ ሆዱ ሲገባ የሚሰማውን ድምፅ «አውሮፕላኑ እግሩን ሰበሰበ» ብለን አስተማርናት። በሁለተኛው ሳምንት ካፒቴኗ እርሷ ሆነች፤ አባቷ ቀበቶውን ካላሰረ አትነሳም! ኢሕራሙንም አባቷ እቤት ሳለን ከፊቷ ለበሰ። ንያው ሚቃት ሲደረስ ነው፤ በሁለት ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አባት ግን ሕፃን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ድንገት ሊያየው የሚገባ ነገር አይደለም።

የጆሮው ነገር ሰፋ ያለ ቃል ይፈልጋል። ብዙ ሰው ሲነሳ ጡጦ ስጡ ይላል። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ግን ጭንቁ ያለው ሲወርድ ነው። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የአውሮፕላኑ የውስጥ አየር ደግሞ፣ ምንም ያህል ከፍ ብሎ ቢበር፣ ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ተራራ ላይ እንደቆሙ ሆኖ ይጠበቃል። ስለዚህ ሲነሳ ጆሮ ብዙም የሚያገኘው ለውጥ የለም። ጂዳ ግን ቀይ ባሕር ጠረፍ ላይ ናት። ሲወረድ የአየሩ ግፊት እየጨመረ የጆሮን ታምቡር ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ የሚከፈተው ስንውጥ ነው፤ የሕፃን ቱቦ ደግሞ ጠባብ ነው። ወተቷን ለዚያ ሰዓት አቆየን። ተኝታ ስለነበር መውረድ ሲጀመር ቀሰቀስናት፤ የተኛ ልጅ ብዙ አይውጥምና። ፍሬው ወጥቶ በደቃቁ የተቆረጠ ተምርም ይዘን ነበር። ጉንፋን ወይም የጆሮ ሕመም ያለበትን ልጅ አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

አልቅሳለች ወይ? ሲነሳ አለቀሰች እንጂ! ጎማው ሲገባ ግን እንባዋ ሳይደርቅ ቀና ብላ «እግሩ!» አለችን።

አጠገባችን ለሥራ ወደ ሳዑዲ የምትሄድ ወጣት ተቀምጣ ነበር። አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ መሆኑን ነግራናለች። መውረድ ሲጀመር ሁለት ጆሮዋን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። ልጃችን ለጥቂት ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ ከእጃችን ቁራሽ ተምር ወስዳ ወደ አፏ አስጠጋችላት።

«ዋጪ» አለቻት።