ጫሞን ከነአያት ከነልጅ ለማየት

የአርባ ምንጭ ጉዞ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ጫሞ ሐይቅ ነው። ስለ አዞው፣ ስለ ጉማሬው፣ ስለ ጀልባው። ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ውሰዱን የሚሉትም ይህንኑ ለማየት ነው። የጀልባው ሽርሽር ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው መኪና ውስጥ፣ ምግብ ቤት ውስጥና አልጋ ላይ ነው። ቤተሰብ ተደስቶ ወይም ተኮራርፎ የሚመለሰውም በአመዛኙ በዚህኛው ክፍል የተነሳ ነው።

በብዙ ቤት ይህ ጉዞ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚቀሩት አያቶች ናቸው። «እማማ መንገዱን አይችሉትም»፣ «አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል» ይባልና ቤት ጠባቂ ሆነው ይቀራሉ። እነሱም ማንንም ላለማስቸገር «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» ይላሉ። ነገሩን ቀረብ ብለን ስናየው ግን አያቶችን የሚያስቀራቸው ሐይቁ አይደለም። የሚያስቀራቸው ቀኑን ሙሉ ሳይቆም የሚነዳ መኪና፣ ደረጃ የበዛበት ማረፊያና መጸዳጃ የሌለበት መንገድ ነው። እነዚህ ደግሞ ከቤት ሳይወጡ ሊስተካከሉ የሚችሉ ነገሮች ናቸው።

መቼ እንሂድ?

በአርባ ምንጭና አካባቢው ዋናው ዝናብ የሚጥለው በሚያዝያና በግንቦት ሲሆን፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ እንደገና ይመለሳል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ አዲስ አበባ በጭቃና በጉም ስትዋጥ አርባ ምንጭ በአንጻሩ ቀለል ያለ ዝናብ ነው ያላት። የልጆች እረፍት ከዚህ ወቅት ጋር መግጠሙ ለቤተሰብ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅትም ይመቻል። የካቲትና መጋቢት ሙቀቱ ስለሚበረታ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ላለባቸው አዛውንት ባይመረጥ ይሻላል።

ሁለት ጊዜያት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው መስቀል ነው። መስቀል ለጋሞ ሕዝብ የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው፤ ሽሮ ሜዳና ሌላም ቦታ በሽመና ሥራ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ለበዓሉ ወደ አገራቸው ስለሚጎርፉ በዚያ ሰሞን ትራንስፖርት ማግኘት ይከብዳል። ሁለተኛው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን የሚያስመርቅበት ሰሞን ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ወላጅ አልጋውን ሁሉ ይይዘዋል። ቀን ከመቁረጥዎ በፊት ወደ አንዱ ሆቴል ደውለው እነዚህን ሁለት ነገሮች ይጠይቁ።

መንገዱን ለሁለት መክፈል

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ የሚያደርሱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ አድርጎ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሌላው በሞጆና በሻሸመኔ ዞሮ ሶዶ ላይ ይገናኛል፤ እሱ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጠንካራ ሾፌር ሁለቱንም በአንድ ቀን ይጨርሳቸዋል። ሾፌሩ ቻለው ማለት ግን የሰባ ዓመት እናት ወይም የሦስት ዓመት ሕፃን ይችለዋል ማለት አይደለም።

ከአያቶች ጋር ለሚሄድ ቤተሰብ የሚሻለው በቡታጅራ መስመር ወጥቶ ሶዶ ላይ ማደር ነው። በጠዋት ከተነሱ የመጀመሪያውን እረፍት ጢያ ላይ ያደርጋሉ። የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ሰይፍና ሌሎች ምልክቶች የተቀረጹባቸው በመሆናቸው ልጆች ጥያቄ ያበዛሉ። ምሳ ሆሳዕና ላይ ይሆናል። ሶዶ የሚገባው ገና ሳይመሽ ስለሆነ አዛውንቱ ጋደም ይላሉ፣ ልጆቹ ይሮጣሉ፣ አባወራው ደግሞ የወላይታን ሥጋ በዳጣ ለመቅመስ ጊዜ ያገኛል። በማግስቱ የሚቀረው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ወደ አባያ ሐይቅ ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይሞቃል፤ ምዕራብ አባያ ላይ የሙዝ እርሻው ግራና ቀኝ ይታያል። ለምሳ አርባ ምንጭ ይደርሳሉ።

መኪና የሚከራዩ ከሆነ ለሰባትና ለስምንት ሰው ሃይሩፍ ይመረጣል፤ ቁመቱ ለአዛውንት መግቢያና መውጫ ይመቻል። አያቶችን ከኋላ ጎማ በላይ አያስቀምጧቸው፤ ከሾፌሩ ጎን ወይም ከበስተኋላው ባለው የመጀመሪያ ወንበር ላይ ንረቱ ይቀንሳል። ቢበዛ በየሁለት ሰዓቱ መቆም ያስፈልጋል። ረጅም ሰዓት ተቀምጦ መቆየት እግር ያሳብጣል፣ ደምም ሊያረጋ ይችላል። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ «አቁሙልኝ» ማለት እያፈረ ውኃ መጠጣት ይተዋል፤ ይህ በሙቀት አገር አደገኛ ነው። እሱ ከመጠየቁ በፊት መቆም ነው የሚሻለው። መድኃኒት ከሻንጣ ጋር ጣራ ላይ ወይም ኋላ አይጫን፤ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

ከመኪናው ባለቤት ጋር ሲዋዋሉ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይያዙ፦ ነዳጅ የማን እንደሆነ፣ የሾፌሩ የማደሪያና የምግብ ወጪ በዋጋው መካተት አለመካተቱን፣ እንዲሁም መኪናው አርባ ምንጭ አብሯችሁ ይቆይ እንደሆነ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይበቃል፤ ወደ ጀልባው መነሻና ወደ ዶርዜ ግን መኪና የግድ ነው። የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታ ደግሞ በመስመሩ ከሚመላለሱ ሾፌሮች ከመነሻው ቀን በፊት መጠየቅ፣ በማታም አለመንዳት ተገቢ ነው።

አቅም ለሚፈቅድለት አውሮፕላንም አለ። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከውጭ አገር በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጡ ልጆች ካሉ ለአገር ውስጥ በረራው ቅናሽ ስለሚኖር ትኬቱን ሲቆርጡ መጠየቅ ይገባል። ሁሉም መብረር ካልቻለ እማማና አንድ አዋቂ በአውሮፕላን፣ ሌላው በመኪና ሄዶ እዚያ መገናኘትም ይቻላል። መኪናው ቀድሞ እንዲደርስ በረራውን ከጉዞው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት ጋር ማስማማት ብቻ ነው።

ሲቀላ ወይስ ሼቻ?

አርባ ምንጭ የላይና የታች ከተማ ናት። ታችኛው ሲቀላ ገበያውና መናኸሪያው ያለበት፣ ሞቅ ያለውና ዋጋው የሚቀንሰው ክፍል ነው። ላይኛው ሼቻ ከፍታው ላይ በመሆኑ ነፋሻ ነው። ከጫፉ ሆነው ሲያዩ አባያና ጫሞ ከነቀለማቸው ልዩነት ይታያሉ፤ አባያ በደለል የተነሳ ቀላ ያለ፣ ጫሞ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። በመካከላቸው ያለውን ከፍ ያለ መሬት የአገሩ ሰው የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ከጀልባ ላይ የማይወጡ አዛውንት ይህንን ከወንበራቸው ሳይነሱ ማየት ይችላሉና በጀት ከፈቀደ ሼቻ ይመረጣል።

ዳሩ ግን እይታ ያለው ማረፊያ ሁሉ ለጉልበት አይመችም። በገደሉ አፋፍ የተሠሩ ሎጆች ጎጆዎቻቸው የተራራቁ፣ መንገዳቸው ድንጋይና ደረጃ፣ ማታም መብራቱ ደብዘዝ ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስልክ ሲደውሉ ስለ ዋጋ ብቻ አይጠይቁ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ክፍሉ ስንት ደረጃ አለ? ለምግብ ቤቱ ቅርብ የሆነ ክፍል ይገኛል? የመታጠቢያው ወለል ያንሸራትታል? የወላጆችና የአያቶች ክፍል ጎን ለጎን ይሆናል? አልጋው ሁሉ አጎበር አለው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል? ኢንሱሊን ለሚጠቀም ሰው ማቀዝቀዣ መኖሩም መታወቅ አለበት። መልሱን በቃል ብቻ ሳይሆን በስልክ መልእክት እንዲልኩልዎ ያድርጉ።

አጎበሩን የጠየቅነው ያለ ምክንያት አይደለም። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ወባ ያለባት ከተማ ናት። ከደጋ ለሚሄድ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና አዛውንት ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ምሽት ላይ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ሌሊት አጎበር። ከተመለሱም በኋላ በሳምንትም ሆነ በወር ውስጥ ትኩሳት ቢነሳ «ጉንፋን ነው» ብሎ አለመተኛት፤ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ «አርባ ምንጭ ነበርን» ማለት ምርመራውን ያፋጥናል።

ሐይቁ ላይ

ወደ ጫሞ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ይሂዱ። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ስለሚነሳና ማዕበሉ ጀልባውን ስለሚያናውጥ ጠዋት ለአዛውንትም ለሕፃንም የተሻለ ነው። አዞውም ቢሆን የራሱን ሙቀት ከፀሐይ የሚያገኝ እንስሳ ነው። ጠዋት ፀሐይ መሞቅ ስትጀምር ከውኃ ወጥቶ ዳርቻው ላይ ይዘረጋል። ቁልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ያለው ስፍራ «የአዞ ገበያ» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ከተነሱ ጊዜው ይገጥማል። ጉማሬዎቹ ቀን ቀን ውኃ ውስጥ ስለሚውሉ ጆሮና ዐይናቸውን ብቅ አድርገው ይታያሉ። ፔሊካንና ዓሣ አዳኝ ንስርም አይጠፉም።

ዋጋው ብዙ ጊዜ በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው፤ የፓርክ መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ለብቻው ይሁን አይሁን ቀድመው ይነጋገሩ። ጀልባው ከመነሳቱ በፊት የነፍስ አድን ጃኬቱን በልጁ ላይ አልብሰው ይሞክሩት፤ በአንገቱ የሚሾልክ ከሆነ ለእሱ ልክ አይደለም። ልኩ ካልተገኘ ልጁ አይውጣ። እጅ ወደ ውኃው አይሰደድ፤ ጉማሬ ዘንድ «ጠጋ በልልን» ተብሎ ጀልባ ነጂ አይለመን። መጸዳጃ በጀልባው ላይ ስለማይኖር ከማረፊያው ሳይወጡ ያስቡበት። ወደ ጀልባው የሚወጣበት ቦታ ጭቃና ከፍታ ሊኖረው ይችላል፤ አባባን ሁለት ሰው ይያዝ።

ጀልባ የሚያስፈራቸው ሽማግሌ ካሉ አይገደዱ፤ ብቻቸውንም ክፍል ውስጥ አይተዉ። በአባያ በኩል ያለው የአዞ እርባታ በመኪና የሚደረስበት ሲሆን፣ አዞዎቹ በዕድሜያቸው ተለይተው ገንዳ ውስጥ ይታያሉ። የልጅ ልጅ ከሐይቁ ሲመለስ «እኔም አየሁ» የሚሉት ነገር ይኖራቸዋል። ምሳ ላይ ሁሉም ይገናኛል። ዓሣው ጉላሽ ወይም ለብለብ ይሆናል፤ ለሕፃናት አጥንቱ ይለቀምላቸው።

ከወረዱ በኋላ ወደ ዶርዜ

በአራተኛው ቀን ወደ ጨንቻ አቅጣጫ መውጣት ነው። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሆዱ የሚታወክ ልጅ ቁርሱን ቀለል ያድርግ። ዶርዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ታች በካናቴራ የነበረ ሰው እዚያ ጋቢ ይፈልጋል። ከቀርከሃ የሚሠራው ቤት የዝሆን ፊት ይመስላል፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው ከታች እየተቆረጠ ያጥራል እንጂ ወዲያው አይፈርስም። በሩ ዝቅ ያለ ነውና አዛውንት ሲገቡ ይደገፉ።

አያቶች ከቤት ባይቀሩ ደግ የሚሆነው በተለይ እዚህ ነው። ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። እንዝርት ይዘው ያደጉ እማማ ለልጅ ልጆቻቸው የሚያስረዱት ከአስጎብኚው ይበልጣል። ልጆች በስልክ ቪዲዮ ያላዩት ነገር ነው፤ የአያታቸው እጅ ይህን እንደሚያውቅም ብዙዎቹ ሰምተው አያውቁም።

መልሱም እንደ ሄዱበት ለሁለት ይከፈል። አምስት ወይም ስድስት ቀን ይፈጃል፤ አንድ ሌሊት ሶዶ ማደር ወጪ ይጨምራል። ወጪው ከበዛ ቀኑን ከማሳጠር የሆቴሉን ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ቀኑን ከመቁረጥ፣ መኪናውን ከመያዝ አስቀድሞ አያቶችን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ። «ይችላሉ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ማየት ይፈልጋሉ?» ብሎ። መልሳቸው አዞ ላይሆን ይችላል። ምናልባት የጢያን ድንጋይ፣ ምናልባት የዶርዜን ሸማ፣ ምናልባትም ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሐይቁን እያዩ ቡና መጠጣት ብቻ ሊሆን ይችላል። ጉዞው ከዚያ መልስ ተነስቶ ይታቀድ።