ወደ ጎርጎራ የወረድንበት ቀን

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ገንዘብ ቢያጣም ሐሳብ አያጣም። ባለፈው ኅዳር፣ የአጋማሽ ፈተናው እንዳለቀ፣ ከጓደኞቻችን አንዱ ከቤተ መጻሕፍት አንድ የቆየ የጉዞ መጽሔት ይዞ ወደ መኝታ ክፍላችን መጣ። በመጽሔቱ ውስጥ በደቡብ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከሞሰል ቤይ ወደ ምሥራቅ ስለሚዘልቀው የመኪና መንገድ ተጽፏል፤ በአንድ ወገን ውቅያኖስ፣ በሌላው ወገን ደን፣ በየመካከሉም ሰው የሚዋኝባቸው ትንንሽ ከተሞች አሉት። ሥዕሎቹን እየገለጥን ስንደነቅ አንዱ ተነሥቶ «እኛስ ምን አጣን?» አለ። «ባሕር ነዋ!» ብለን ሳቅንበት።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። እርግጥ ነው፤ ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነፃ መንግሥት ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ የዳርቻው ሰው ጣናን ሲጠራ ሐይቅ ከማለት ይልቅ ባሕር ማለት ይቀናዋል፤ በደቡብ በኩል የተቆረቆረችውም ከተማ ስሟ ባሕር ዳር እንጂ ሐይቅ ዳር አይደለም። ስፋቱ ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ውሃ ባሕር ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ከጎንደር እስከ ሰሜናዊው ዳርቻ፣ እስከ ጎርጎራ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሹፌሮችን ጠይቀን፣ ስንቃችንን ቋጥረን፣ ቅዳሜ ማለዳ አምስት ሆነን ተነሣን። መጽሔቱን ያመጣው ወንድማችን የዋና ልብስ ሳይቀር ይዞ ነበር።

ከአምስታችን አራታችን የከተማ ልጆች ነን። አምስተኛው የደንቢያ ልጅ ነው፤ አባቱ በጎርጎራ አቅራቢያ ዓሣ እያጠመዱ አሳድገውታል፤ እስከ ዩኒቨርሲቲም አድርሰውታል። መንገድ እንዲመራን ስንለምነው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «እሺ» አለ። ዝምታውን ያን ጊዜ ልብ አላልነውም። ስቀን አለፍነው።

ሚኒባሱ አዘዞን ሲያልፍ ታሪክ የሚያጠናው ጓደኛችን አስተማሪ ሆነ። ዐፄ ሱስንዮስ በአዘዞ ቤተ ክርስቲያንና የአትክልት ሥፍራ እንዳሠሩ፣ በጎርጎራም ተቀምጠው እንደ ነበር፣ ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ግን ከውሃው ዳር ወደ ደጋው ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ጎንደርን እንደ ቆረቆሩ አስረዳን። «እንግዲህ ነገሥታቱ ከባሕሩ ወደ ተራራው ወጡ፤ እኛ ደግሞ ከተራራው ወደ ባሕሩ እንወርዳለን» አለ። ሹፌሩ ዘወር ብሎ «ነገሥታቱ ሒሳብ ከፍለዋል፤ እናንተም አውጡ» ሲለን መኪናው ሁሉ ሳቀ።

ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ስለዚህ መንገዱ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ብርዱም ቀስ እያለ ይለቃል። ከአዘዞ ወዲያ የደንቢያ ሜዳ ተከፈተ። መረሬው መሬት ጤፉን አድርሶ አጫጆች ተሰልፈዋል፤ ወዲህ ደግሞ ሽምብራው ለምልሟል። ቆላ ድባ ላይ ሻይና ዳቦ ቀምሰን ጉዟችንን ቀጠልን። ከዚያ በኋላ ርጥበት ባልለቀቀው ሜዳ ላይ እግራቸው የረዘመ ግራጫ አእዋፍ በመንጋ ቆመው አየን። ክረምት ሲገባ ከአውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ መሆናቸውን ጓደኛችን ነገረን። «እነርሱስ ባሕሩን ብለው ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው ይመጣሉ» አለ። ያን ቀን ከተናገራቸው ጥቂት ቃሎች አንዱ ይህ ነበር።

ወደ ጎርጎራ ስንቃረብ ከፊታችን ለዐይን የሚማርክ አረንጓዴ መስክ ተዘረጋ። በላዩ ላይ ሐምራዊ አበባ ፈክቷል። የዋና ልብስ የያዘው ወንድማችን «እንዴት ያለ ሜዳ ነው! እዚህ ላይ ኳስ ብንጫወት» አለ። የደንቢያው ልጅ ቀና ብሎም ሳያይ «ሜዳ አይደለም፤ ባሕሩ ነው» አለው።

እምቦጭ ነበር። እምቦጭን ከጋዜጣ የማያውቅ አንባቢ እንደማይኖር እንገምታለን። አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ወንዝ አካባቢ ነው፤ በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ደግሞ በጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። በ2010 ዓ.ም. ከየአቅጣጫው ሰው ለነቀላ ወደ ጣና ሲጎርፍ እኛ ገና ትንንሽ ተማሪዎች ነበርን። ጓደኛችን የዚያን ጊዜውን ያስታውሳል፤ በዳርቻው የፈሰሰውን ሕዝብ፣ ዘፈኑን፣ ፎቶግራፉን፣ ከዚያም ሰዉ ተመልሶ ሲሄድ የተከተለውን ጸጥታ።

አባቱ ከዳርቻው ላይ ቆመው ተቀበሉን። ልጃቸው ጉልበት ስሞ ሲነሣ እኛም ተራ በተራ እጅ ነሣን። «እንኳን ደኅና መጣችሁ፣ ልጆቼ» ብለው ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡን፤ ጠላም ተቀዳልን። ከደንገል የተሠራች ታንኳቸው በሰሌኑ አጠገብ ተደፍታ ነበር። «ዛሬ አልወጡም፣ አባቴ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«በየት በኩል ልውጣ?» አሉን፤ ያለ ምሬት፣ የአየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው። «ዱሮ ከዚህ ገፍቼ ጎሕ ሳይቀድ መረቤን ጥዬ እመለስ ነበር። አሁን ነፋስ እምቦጩን ወደዚህ የገፋው ዕለት በሩ ተዘጋ ማለት ነው። መረቡን ብጥልም ዓሣ ሳይሆን ሥር ይዞልኝ ይወጣል። ታንኳ የምንሠራበትም ደንገል ቦታውን እየለቀቀለት ነው።»

ከዚያም ቀረሶውን፣ አምባዛውን፣ ነጭ ዓሣውን በስም በስሙ እየጠሩ የት የት ይገኝ እንደ ነበር ነገሩን። ነጭ ዓሣ ክረምት ሲሆን ወደ ወንዞቹ ሽቅብ ወጥቶ ይራባል፤ ከወንዞቹም አንዱ መገጭ ነው። መገጭን ሲጠሩ ወደ እኛ ዘወር ብለው «ውሃውስ ከእናንተ ዘንድ አይደል የሚመጣው?» አሉ።

የምንመልሰው አጣን። የጎንደር ልጅ ሁሉ እንደሚያውቀው ከተማይቱ በአንገረብና በቀሃ መካከል ነው የተቀመጠችው፤ ሁለቱም ወደ መገጭ ይገባሉ፣ መገጭም ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። እምቦጭ የሚወፍረው ውሃው በሚያመጣለት ምግብ ነው፤ ከየማሳው በሚታጠበው ማዳበሪያ፣ ከየከተማውም በሚወርደው ቆሻሻና የሳሙና ውሃ። ጣና ደግሞ ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ሥፍራው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስንቱን ቅዳሜ ቀሃ ወርደን ልብሳችንን እያጠብን፣ አረፋው ቁልቁል ሲሄድ እያየን ዘፍነናል! ወዴት እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም። እኛ ከጎንደር ጎርጎራ ለመውረድ መኪና ተከራየን፤ ሳሙናችን ግን መንገዱን ከእኛ አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ሱሪያችንን ሰብስበን ውሃው ውስጥ ገባን። ሐፍረት ነበር ያስገባን፤ ጀግንነት አልነበረም። ከሩቅ እንደ ሐር የሚያበራው አበባ ከሥሩ ሲጎተት እንደ ርጥብ ምንጣፍ ይከብዳል። ነቅለን ነቅለን ጀርባችን ሲቆረጥ፣ አልቅትም ከእግራችን ላይ ስናላቅቅ፣ ያጸዳነው ከአንድ የመማሪያ ክፍል ወለል አይበልጥም ነበር። አባት ሥራችንን ተመልክተው «ከውሃው አርቃችሁ አድርቁት፤ ዳር ላይ ከተዋችሁት ተመልሶ ይገባል» አሉን። ዘመቻው ሲያልቅ በዳርቻው ተከምሮ የቀረው ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን።

ሲመሽ ጉማሬዎች ከወዲያ ማዶ ሲያጉረመርሙ ተሰማን። ያመጣን ለዚህ ነበር፤ ይህን ለመስማት፣ በሣር ክዳን የተሠራችውን የደብረ ሲና ማርያምን ቤተ ክርስቲያንና የግድግዳዋን ሥዕል ለማየት፣ ጀንበር በውሃው ላይ ስትጠልቅ ለማድነቅ። ሁሉንም አየን። ጎርጎራ ውብ አይደለችም ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆንብናል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የሕይወታዊ ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ያስገባው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሌሊቱን ከቤት ውጭ ተኝተን ሳለ የጓደኛችንንና የአባቱን ንግግር ሳንፈልግ ሰማን። የኑሯቸው ነገር ስለ ከበደ ልጁ ትምህርቱን አቋርጦ ሥራ ለመፈለግ ቆርጦ ኖሯል። እኛን ወደ አገሩ ለማምጣት «እሺ» ያለውም ይህንኑ ለአባቱ በቃሉ ለመንገር ነበር። አባት እስኪጨርስ አዳመጡት። በመጨረሻ «መረቡን እሸጣለሁ። ለሌላ ሰው መረብ ነው፤ ለእኔ ዛሬ ገመድ ነው። አንተ ግን ጀምረህ አትቁም» አሉት። ልጁ «አባቴ፣ መረቡ ከተሸጠ እኮ ባሕሩ ቢጸዳም አይመለሱም» አላቸው። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም። ከአራታችንም አንድ ሰው እንኳ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ የወሰደን ግን መስለን ተኛን።

በማግስቱ ሽቅብ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጨዋታ አልነበረም። የትናንቱን መንገድ ዛሬ በውሃው መንገድ ቆጥረን ወጣነው፤ ጣና፣ መገጭ፣ ቀሃ፣ የእኛ መኝታ ክፍል።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ይህን የምንጽፈው ነገሩን መላ አግኝተንለት አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ቪክቶሪያ ሐይቅን እምቦጭ በወረረው ጊዜ እንኳ አረሙን የሚበሉ ነቀዞች መልቀቅን የመሰለ የብዙ ሰዎች እውቀትና የዓመታት ትዕግሥት ጠይቋል። አምስት ተማሪዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ባሕር አያድኑም። እኛ አምስታችን ያደረግነው ቢኖር ወንዝ ወርደን ማጠብ መተዋችን፣ የሳሙናውንም ውሃ ከወንዙ ርቆ ባለ ደረቅ መሬት ላይ ማፍሰሳችን ነው። ጎረቤቶቻችን ስቀውብናል፤ እኛም ባሕር የለንም ብለን ስንስቅ ነበርና አልፈረድንባቸውም።

ማኅበራችን ግን ከአምስት ሰው ይበልጣል። የነቀላ ዘመቻ ሲጠራ መኪና ላይ መውጣት ቀላል ነው፤ ዘፈንም አለው። ከዘመቻው በፊት ከከተማችን ወደ ወንዞቹ የሚወርደውን ውሃ ተከትለን ብናይ፣ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በውሃው ውስጥ ያለውን ቢመረምሩልን፣ ለከተማይቱ ሹማምንት የምናቀርበው አቤቱታ መሠረት ያገኛል። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ሐሳብ እናቀርባለን፤ የሚደግፈን ይምጣ።

ጓደኛችን ይህ ሲጻፍ ከጎናችን ባለው አልጋ ላይ ተቀምጦ ለፈተና ያነባል። በሚመጣው መንፈቅ ይኖር እንደ ሆነ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። መረቡ ገና አልተሸጠም።