ስም አልባው መንዙማ



ውድ አንባቢያን! ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሌላ ሰው ጥፋት ሳይሆን ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ምናልባት ከእናንተም መካከል ሳያስበው ተመሳሳይ ነገር የፈጸመ ይኖር ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመውሊድ ወሎ ወደሚገኘው የትውልድ መንደሬ ሄጄ ነበር። ሌሊቱን ሐድራው ሞቆ ድቤው ሲመታ፣ ገና ጎረምሳ የሆነው የእህቴ ልጅ ራሱ የገጠመውን መንዙማ አለ። ጀማው ተቀበለው፤ አዛውንቱ አለቀሱ። እኔም በስልኬ ቀረጽኩትና አዲስ አበባ ስመለስ በቴሌግራም ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ አደረስኩ። የልጁን ስም ግን አልጻፍኩም። «ዘመድ ሁሉ ያውቀው የለም ወይ?» ብዬ ነበር።

ወራት አልፈው አንድ ሱቅ ውስጥ ያንኑ ድምፅ ሰማሁ። የማን እንደሆነ ባለሱቁን ስጠይቀው በሌላ ሰው ስም የተለጠፈ ቪዲዮ አሳየኝ። ብዙ ሺህ ሰው አይቶታል። ባለቤቱ ግን ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ እንኳ የገበያ ቀን ጠብቆ ከተማ የሚወርድ የገበሬ ልጅ ነው። ስነግረው አልተቆጣም። «አጎቴ፣ ሰዎቹ ወደውታል?» ብቻ አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ወገኖቼ! በመንዙማ ጉዳይ በዑለሞቻችን ዘንድ የሐሳብ ልዩነት እንዳለ አውቃለሁ፤ እርሱን ለእነርሱ እተዋለሁ። እኔ የማነሳው የሐቅን ጉዳይ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኒሳእ አደራን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዞናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አስተምረውናል። ታዲያ የሰው ግጥምና ዜማ አደራ አይደለምን? ሌሊቱን ሲያዜም ያደረው ልጅስ አልደከመምን?

ስልክም ኢንተርኔትም ባልነበረበት ዘመን የሸኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር የአማርኛ መንዙማዎች በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል ተጽፈው ከነስማቸው ለእኛ ደርሰዋል። እኛ ግን ሁሉ ነገር በእጃችን እያለ የአንድ ልጅ ስም ከመንደሩ እስከ አዲስ አበባ ማድረስ አቃተን!

ከዚያ በኋላ በከተማ ያለን የመንደሩ ልጆች በቴሌግራም ተሰባስበን ሦስት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ከመቅረጻችን በፊት ባለቤቱን፣ ዕድሜው ካልደረሰም ወላጆቹን እናስፈቅዳለን። ሁለተኛ፣ ገጣሚው ገና ሲጀምር ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ መንደሩንና ቀኑን በራሱ አንደበት ይናገራል። ከሥር የተጻፈ ስም ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ በቀላሉ ይጠፋል፤ ከዜማው ጋር አብሮ የተቀረጸው ግን ሆን ብሎ ካልቆረጠው በስተቀር አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ስጦታ የሚሰጥ ሰው በቀጥታ ለልጁ ይልካል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ኢንተርኔት በሌለው ተራ ቀፎም ገንዘብ መቀበል ይቻላል።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ቪዲዮ ዛሬም በሌላ ሰው ስም ይዞራል። እርሱን መመለስ አልቻልኩም። ሁለተኛው መንዙማው ግን የሚጀምረው ስሙን በመናገር ነው። እህቴ ስትሰማው ከዜማው ይልቅ ያችን መጀመሪያ ደጋግማ አስከፈተችኝ፤ የሟች ባሏ ስም ተጠርቶባታልና።

ውድ አንባቢ! ዛሬ ማታ ከቤተሰብህ ጋር ስትቀመጥ ስልክህን ክፈትና ከገጠር የመጣ አንድ መንዙማ ወይም ነሺዳ ፈልግ። «ይህ የማን ልጅ ነው?» ብለህ ጠይቅ። ካወቅህ ስሙን ጨምረህ አስተላልፍ፤ ካላወቅህ እስክታውቅ ድረስ አቆየው።

አላህ የሰውን ሐቅ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።