የቬኒስ ማኅበርተኞች ቤት

ቬኒስ የደረሰ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ነው። እኔም እንደ ሰው ሁሉ ርግቦቹን ካየሁ በኋላ፣ በጠባቡ መንገድ ስጠፋ ስገኝ ቆይቼ ከቅዱስ ሮኮ ማኅበር ደጃፍ ደረስሁ። ቤት ከማለት ቤተ መንግሥት ማለት ይቀላል።

ማኅበሩ የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1478 ዓ.ም. ነው። ቅዱስ ሮኮ ከቸነፈር ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ ቸነፈር በሚመላለስባት ከተማ ወዳጁ ብዙ ነበር። አንባቢዬ የኛን የጽዋ ማኅበር ቢያስብ ከነገሩ ብዙ አይርቅም። ማኅበርተኛው ሲታመም ይጠየቃል፤ ሲሞት ወንድሞቹ አጅበው ይቀብሩታል፤ ድኻ ከሆነም ሴት ልጁ የምትዳርበት ገንዘብ ይሰጠዋል። ሹመቱ ለመሳፍንትና ለካህናት አይደርስም፤ ማኅበሩን የሚመሩት የከተማው ባለጸጎች ነበሩ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እናቴ በየወሩ በ12 የሚካኤልን ማኅበር ትጠጣለች። ከማኅበርተኞቹ አንዲቱ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ተራዋ ሲደርስ ግን በዳቦና በጠላ የባለመኪናውን ሚስት ሳይቀር ታስተናግዳለች። በዚያ ቀን ጋባዧ እሷ ናት። በቬኒስ ግን ሰጪው ሁልጊዜ ሰጪ፣ ተቀባዩም ሁልጊዜ ተቀባይ ሆኖ ቀረ። ድኻው ወንድም ምጽዋቱ እንዳይቀርበት በየቀብሩና በየዑደቱ መገኘት ነበረበት። በ16ኛው መቶ ዘመንም መንግሥት ማኅበራቱን ለጦር መርከብ ቀዛፊ አምጡ ባላቸው ጊዜ፣ መቅዘፊያው ለማን እንደ ደረሰ መናገር አያሻም።

ይህን ያዩ ሰዎች ዝም አላሉም። አሌሳንድሮ ካራቪያ የተባለ የጌጣጌጥ ነጋዴ በ1541 ባሳተመው ግጥም፣ ለድኾች መዋል የሚገባው ገንዘብ በሕንፃ ላይ ይፈሳል ብሎ ወቀሳቸው። ሕንፃው ግን እስከ 1560 ቀጠለ። ማኅበሩም ዛሬ ድረስ አለ፤ እኔም የመግቢያ ዋጋ ከፍዬ ገባሁ።

ፎቅ ላይ፣ ሹሞቹ ለብቻቸው ይመክሩበት በነበረው ክፍል፣ ቲንቶሬቶ በ1565 የሣለው ስቅለት አለ፤ ወርዱ ከ12 ሜትር ያልፋል። ሠዓሊው የጨርቅ አቅላሚ ልጅ ነበር፤ በዚያው ዓመት ራሱም ማኅበርተኛ ሆኗል። ብዙ ጎብኚ የጌታን ፊት ይመለከታል። እኔ ዓይኔ የቀረው የወንበዴውን መስቀል በገመድ ስበው ለማቆም በሚታገሉት የጉልበት ሠራተኞች ላይ ነው፤ ሹሞቹ በተሰበሰቡ ቁጥር እነዚህ ሰዎች ከፊታቸው ነበሩ።