የጌጥ አበባ በሾርባ ውስጥ

ባቡር በ1895 ዓ.ም. በደረሰባት ድሬዳዋ፣ በተለይም መንገዶቹ በዛፍ ጥላ በተሸፈኑበት ከዚራ ሰፈር፣ የግቢ አበባ የሚተከለው በአብዛኛው ለዓይን እንጂ ለአፍ አይደለም።

በምሥራቅ እስያ ግን ሄሜሮካሊስ የተባለው፣ እያንዳንዱ አበባው ፈክቶ በአንድ ቀን የሚጠወልግ የጌጥ ተክል፣ እንቡጡ ሳይፈነዳ ተለቅሞና ደርቆ ሾርባ ውስጥ ይገባል። ሊሊ ቢመስልም፣ የዛሬው የዕፅዋት ምደባ ያስቀመጠው ከእሬት ጋር በአንድ ቤተሰብ ነው፤ ይህም የእሬትን ምሬት ለሚያውቅ ሰው ሳያስገርም አይቀርም።

መልክ ግን አያስተማምንም፤ በኢትዮጵያ በዱር የሚበቅለው ግሎሪዮሳ የተባለው ቀይና ቢጫ አበባ፣ ኮልቺሲን የተባለ የሕዋስን መከፋፈል የሚያግድ መርዝ ስላለው፣ ቢበላ ሊገድል ይችላል።

ለመሆኑ ሄሜሮካሊስን በድሬዳዋ ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያገኝ ቦታ ተክሎ፣ እንቡጡን ለገበታ ለማቅረብ የሚደፍር አንባቢ ይኖር ይሆን?